ሁለት ዓይን የተሰጠው ጭልፊት

ጠንቃቃ ሴት ነኝ። ከቤት ስወጣ ቁልፉን ሁለት ጊዜ እነካለሁ፤ የተማሪ ውጤት ሦስት ጊዜ እደምራለሁ፤ ከመናገሬ በፊት ቃሉን በአፌ ውስጥ አገላብጠዋለሁ። ሰውም በዚህ ያመሰግነኛል። እኔ ግን በዚሁ በሚመሰገነው ጠባዬ የአንድ ሰው ስም አጥፍቻለሁ። ያጠፋሁት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ደግሞ አንድም የውሸት ቃል አልነበረም። ይህን የምጽፍላችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ጥንቃቄን ከደግነት ጋር የምታምታቱ እንደ እኔ ያላችሁ እንደሆነ ብዬ ነው።

የተወለድሁት ጎጃም፣ ከብቸና ወዲያ ነው። ባሌ፣ ሮቤ የመጣሁት የታሪክ መምህርት ሆኜ ተመድቤ ነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ አለሁ። አገሩ ብርድና ስንዴ ነው፤ ሰዉ ደግ ነው። ብቻ ጎጃሜ መሆኔን ያወቀ ሁሉ አንድ ቀልድ ነበረችው። አከራዬ እማማ ሙሉ ሳይቀሩ በየሳምንቱ፣ «አንቺ ልጅ፣ ጎጃሜ ሆነሽ መስተፋቅር ጠፍቶብሽ ነው ባል ያላገባሽ?» ይሉኝ ነበር። እስቃለሁ። ስቄ ወደ ክፍሌ ስገባ ግን ሳቁ አብሮኝ አይገባም። ብቻዋን የምትኖር፣ ከሩቅ የመጣች፣ መጽሐፍ የምታገላብጥ ሴት ቀልዱ መቼ ቁም ነገር እንደሚሆንባት አታውቅም። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን አዘወተርሁ። መጀመሪያ ሰንበት ትምህርት ቤት፣ በኋላ ጽሕፈቴ ያምራል ተብሎ የሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ሆንሁ። ያን ቦታ የያዝሁ የመጀመሪያዋ ሴት ነበርሁ፤ መዝገቡን ስይዝ አገር የያዝሁ ይመስለኝ ነበር።

ጋሽ ለማን ያገኘኋቸው እዚያው ነው። የጎባ ሰው ናቸው። የአባታቸው ወገን ከመንዝ የመጣ፣ እናታቸው ኦሮሞ፤ በሁለቱም ቋንቋ ይቀልዳሉ፣ በሁለቱም ይጸልያሉ። ሥራቸው ሥዕል ነው። ለሥጋ ቤት በሬ፣ ለፀጉር ቤት ቆንጆ ሴት፣ ለጭነት መኪና አንበሳ ይስላሉ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የቤተ ክርስቲያናችንን የመቅደስ ግድግዳ በአራት ዓመት ሥለው የቀራቸው አንድ ገጽ ብቻ ነበር፤ በሴቶች በኩል ያለው፣ የአርባዕቱ እንስሳ ሥዕል። የእግዚአብሔርን ዙፋን የሚሸከሙት፣ የሰው፣ የአንበሳ፣ የላምና የንስር ፊት ያላቸው ኪሩቤል። ለኅዳር ስምንት፣ ለበዓላቸው ቀን መድረስ ነበረበት። የገሰራ ቤተ ክርስቲያን ሰዎችም መጥተው አይተው፣ «ይህን ሲጨርሱ ወደ እኛ ይምጡ» ብለዋቸዋል። «እነዚህን አራቱን አሳምሬ ከጨረስሁ፣» ይሉኝ ነበር፣ «ከዚያ በኋላ እጄ ቢደርቅም አይቆጨኝም።»

ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ንባብ ያስቸግራቸዋል። ከትምህርት በኋላ እየሄድሁ ነቢዩ ስለ አየው ራእይ አነብላቸዋለሁ፤ እሳቸው መሰላል ላይ ሆነው ይሰማሉ።

«ክንፋቸውም ዓይን አለው ነው የሚለው?»

«አዎ ጋሽ ለማ፣ ሁለንተናቸው ዓይን የሞላ ነው።»

«ዋቀ ኮ! አምላኬ! እኔ የምችለው አንድ ዓይነት ዓይን ነው እኮ። ለሰውም ለአንበሳም ያቺኑ ነው የማደርግ።»

እውነታቸውን ነው። የሳሉት ዓይን ሁሉ አንድ ነበር፤ ትልቅ፣ ጥቁር፣ ከታች በኩል ትንሽ ያበጠ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን የመሰለ።

የዓይንን ሕግ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን በብሩሻቸው ጫፍ የመጨረሻውን እራት አሳዩኝ። ሐዋርያቱ ሁሉ ወደ እኛ ዞረው በሁለት ዓይን ያዩናል፤ ይሁዳ ብቻ በጎኑ ተቀምጦ አንድ ዓይን ነው ያለው። «ቅዱስ ፊት ለፊት ነው የሚሳለው፤ ሁለት ዓይን። ከሃዲ፣ ሰይጣን፣ ክርስቶስን የገረፉት፣ እነዚህ በጎን ናቸው። አንድ ዓይን። ሰው ሲጸልይ ክፉ ዓይን ለዓይን እንዳያየው ነው።»

ላነበብሁላቸው ውለታ ነው መሰል፣ አንድ ቀን ስመጣ ከኪሩቤሉ እግር በታች ነጠላ የለበሰች ትንሽ ሴት ተንበርክካ አየሁ። እንደ ጥንቱ፣ ያሠራውን ሰው ከግርጌ እንደሚሥሉት። ፊቷ የእኔ ነው።

«ምነው ጋሽ ለማ! እኔ ምን አሠራሁና?»

«ያነበበ አሠራ። ዝም በይ፣ ኢንታለ ኮ።» ልጄ ማለታቸው ነው። «ሁለት ዓይን አድርጌልሻለሁ፣ ምን ትፈልጊያለሽ?»

አፍሬ ተቆጣሁ። ውስጤ ግን በደስታ ሞቀ።

በዚያው ሰሞን በትምህርት ቤታችን የዞን ተቆጣጣሪዎች ሊመጡ ነው ተባለና እያንዳንዱ መምህር በክፍሉ ግድግዳ ላይ የትምህርት መርጃ እንዲያዘጋጅ ታዘዘ። የእኔ ምዕራፍ ጥንታዊት ግብፅ ነበረች። መጽሐፉ ለሦስት ተማሪ አንድ ነው፤ ሥዕሉ ደግሞ ጥቁር በጥቁር ታትሞ የግብፅ አማልክት ሰው ይሁኑ አውሬ አይለዩም። እኔ ራሴ ያን ክፍል ሳስተምር ሁልጊዜ ጥቂት ይቀፈኝ ነበር። የሰው ገላ ላይ የአውሬ ራስ! ቢሆንም ፈተና ላይ ይወጣል፤ ማስተማር አለብኝ። ጋሽ ለማን ለመንኋቸው፤ እሺ አሉ።

ሦስት አማልክት መረጥን። የሙታን ጠባቂውን አኑቢስን በቀበሮ ራስ፣ የጽሕፈት አምላካቸውን ቶትን ረጅም ምንቃር ባለው ወፍ ራስ፣ ንጉሥ የሚባለውን ሆረስን በጭልፊት ራስ። ጋሽ ለማ የግብፅን ቀበሮ አያውቁም፤ የተራራችንን፣ የሰኔቲን ቀይ ቀበሮ ነው የሚያውቁ። ስለዚህ አኑቢስ ቀይ ሆነ፣ ሹል አፍ ሆነ፣ ከሰኔቲ አይጥ ሊያድን የወረደ መሰለ። ለቶትም በየማለዳው በጣሪያችን ላይ እየጮኸ የሚያልፈውን የእኛኑ ቆልማማ ምንቃር ወፍ ሰጡት። «የባሌ ጣዖታት!» ብዬ ሳቅሁባቸው። «ምን ላድርግ፣ ያላየሁትን አልዋሽ» አሉኝ።

መጽሐፉ ላይ እንዳለው ሦስቱንም በጎን ነበር የነደፏቸው፤ በአንድ ዓይን። ለእሳቸው በጣም ተመቻቸው። «ግብፆቹ ራሳቸው አውቀውታል። ጣዖት መሆናቸውን አውቀው በአንድ ዓይን ሣሏቸው» አሉና ከትከት ብለው ሳቁ።

ችግሩ ጭልፊቱ ነው። ተማሪዎቼ ንድፉን እንዳዩ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

«ቲቸር፣ ዶሮ ነው!»

«ዶሮ ወጥ አምላክ!»

ተቆጣጣሪዎቹ በሁለተኛው ቀን ይመጣሉ። ፊታቸው መሳቂያ ልሆን ነው ብዬ ተንገበገብሁ። ጋሽ ለማን፣ «ጭልፊቱን ወደ ፊት ያዙሩልኝ። ሹል ምንቃሩ በመሐል፣ ሁለት ዓይኑ ግራና ቀኝ ሲሆን ጭልፊት መሆኑ ይታያል» አልኋቸው።

ብሩሻቸውን አስቀመጡ።

«ፊት ለፊት ካደረግሁት ሁለት ዓይን ይኖረዋል።»

«ይኑረው።»

«ሁለት ዓይን የቅዱስ ነው። ነግሬሽ የለም?»

«ጋሽ ለማ፣ ይህ ቤተ ክርስቲያን አይደለም። ታሪክ ነው፣ ለትምህርት ነው።»

«እጄ ግን ያው ነው፣ ልጄ። እዚያ ቅዱስ የሚሥለው እጅ ነው እዚህ ጣዖት የሚሥለው። ሰው ቢጠይቀኝስ?»

«እኔ አለሁ» አልኋቸው። «ያዘዝሁት እኔ ነኝ እላለሁ። ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ።»

ጥቂት አዩኝ። ከዚያ ጨርቅ አርጥበው የዶሮዋን ራስ ጠረጉና ጭልፊቱን ወደ እኛ አዞሩት። ሁለት ዓይን ሰጡት። የሚችሉትን ያንኑ አንዱን ዓይነት ዓይን፤ ትልቅ፣ ጥቁር፣ ከታች ትንሽ ያበጠ። ተማሪ ሁሉ ጸጥ አለ። ተቆጣጣሪዎቹም በጣም ወደዱት፤ ስሜ በስብሰባ ተጠራ፣ ተጨበጨበልኝ። ለተጨበጨበልኝ ሥዕል የሣለውን ሰው ስም አልጠራሁም። ያን ጊዜ ግን ይህን እንደ ጥፋት አልቆጠርሁትም።

በጥቅምት የመጨረሻው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። መዝገቤን ይዤ ገባሁ። የደብሩ አስተዳዳሪ፣ የንስሐ አባቴም የሆኑት አባ፣ ሽማግሌዎቹ፣ አቶ ደምሴ የሚባሉ የእህል ነጋዴ፣ በመጨረሻም ጋሽ ለማ፤ ከመሰላል ወርደው ቀለም በቀለም ሆነው፣ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ጫፍ ላይ።

አቶ ደምሴ ስልካቸውን አውጥተው ለሁሉም አዞሩት። ልጃቸው እኔ ዘንድ ትማራለች፤ ሥዕሉን ከግድግዳው ላይ በስልክ ፎቶ አንስታ ቤት ወስዳለች። ሥዕሉ ቴሌግራም ላይ ከሰው ሰው ዞሯል። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ከልባቸው ደንግጠው ነበር።

«አባታችን፣ ይህ የግብፅ ጣዖት ነው። የሰው ገላ፣ የጭልፊት ራስ። ይሁን፣ በዓለም ስንት አለ። ነገር ግን ዓይኑን ይዩልኝ! ሁለት ነው! አሁን ደግሞ ወጥተው የእኛን ንስር ይዩ። ልዩነት የለውም፣ አባታችን። ያው ዓይን ነው። እናቶቻችን ነገ ከነገ ወዲያ ለማን እንደሚሰግዱ በምን ያውቃሉ?»

ሽማግሌዎቹ አማተቡ። ስልኩ እኔም እጅ ደረሰ፤ አየሁት፤ አሳለፍሁት።

አባ ወደ በሩ ዞሩ። «ለማ፣ ማነው ያዘዘህ?»

«ትምህርት ቤቱ ነው፣ አባቴ።»

«ትምህርት ቤቱ ሁለት ዓይን አድርግ አለህ?»

ጋሽ ለማ ወደ እኔ ዞሩ። ስሜን ከመጥራት የተቆጠቡት ከጨዋነት ነው፤ ዕድሉን ለእኔ ትተውልኝ ነበር። እኔ ወደ መዝገቤ አጎንብሼ ቀኑን እንደገና ጻፍሁት። ቀኑን አስቀድሜ ጽፌው ነበር።

«መምህርት አሉ አይደል?» አሉ አቶ ደምሴ። «እርስዎ እዚያ ነዎት። የሚያውቁት ነገር አለ?»

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ አብራችሁኝ ቁሙ። ማለት የነበረብኝ አምስት ቃል ነበር፤ ሁለት ዓይን ያሰጠሁት እኔ ነኝ። አፌ ውስጥ ነበረ። እንደ ልማዴ አገላበጥሁት። ሳገላብጠው የእማማ ሙሉ ቀልድ መጣብኝ። ጎጃሜዋ፤ ብቻዋን የምትኖረው፤ የአውሬ ራስ ላለው ጋኔን የቅዱስ ዓይን አሰጠች ቢባል ነገ በገበያ ምን ተብዬ ነው የማልፈው? ልጁን ከክፍሌ የሚያስወጣ ወላጅ ታየኝ፤ መዝገቡን ከእጄ ሲቀበሉኝ ታየኝ። ይህ ሁሉ የታየኝ እስክሪብቶ ከደኜ እስክከፍት ባለው ጊዜ ነው።

«ትምህርት ቤቱ ሥዕል እንዲሣል ጠይቆ ነበር፣» አልሁ። «የአሣሣሉ ነገር ግን የሠዓሊው ሙያ ነው።»

ይኸው ነው። የትኛው ቃል ውሸት ነው? አንዱም።

ጋሽ ለማ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ፣ «እውነቷን ነው፣» አሉ። «ሙያው የእኔ ነው።»

«ይጻፍ» አሉ አባ።

ጻፍሁ። «ሠዓሊው ሁለት ዓይን የሰጠው በገዛ ፈቃዱ መሆኑን አምኗል» ብዬ ጻፍሁ። ይህኛው ውሸት ነው። ግን ማንም አላዘዘኝም፤ ብዕሬ ነው ከአፌ አንድ እርምጃ አልፎ የሄደ። የአርባዕቱ እንስሳ ግድግዳ በነጭ እንዲቀባ፣ ሠዓሊው እንዲሰናበት፣ ውሳኔው ለአጎራባች አድባራት እንዲደርስ ተባለ። ማኅተሙን እኔ መታሁ።

ማክሰኞ ዕለት አቶ ደምሴ ነጭ ቀለም በጣሳ አስመጥተው ሁለት ጎልማሶች ግድግዳውን ቀቡት። መጀመሪያ ንስሩ፣ ከዚያ ላሙ፣ አንበሳው፣ በመጨረሻ የሰው ፊት ያለው። የጋሽ ለማ ዓይኖች ከነጩ ሥር ለመጥፋት ሁለት ዙር ፈጁ። ቆሜ አየሁ። ብሩሹ ወደ ግርጌው ሲወርድ አቶ ደምሴ እጃቸውን ዘረጉ።

«እሷን አትንኩ። የእኛ ጸሐፊ ናት፣ እህታችን ናት።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሚኒባስ ይዤ ጎባ ሄድሁ። ጋሽ ለማን ግቢያቸው ውስጥ አገኘኋቸው፤ ለሥጋ ቤት ቆርቆሮ ላይ በሬ እየሣሉ ነው። ወንበር ሰጡኝ፣ የእናቴን ጤና ጠየቁ፣ ውሃ አስመጡልኝ። ስድብ ጠብቄ ነበር የሄድሁት፤ ስድቡ ቢመጣ ኖሮ ይቀለኝ ነበር።

«ጋሽ ለማ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ስለ ምን?»

«ያውቃሉ።»

«አፍሽ ያለውን ሰማሁ። እሱን ይቅር ብያለሁ፤ ሰው ይፈራል።» በሬው ቀንድ ላይ ጥቁር አሳረፉ። «መዝገቡ ላይ ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

ነገርኋቸው። ብሩሻቸው ቆመ።

«በገዛ ፈቃዱ?»

«አዎ።»

«የገሰራ ሰዎች ትናንት መጥተው ነበር። ወረቀቱ ደርሷቸዋል። ሌላ ሠዓሊ እንፈልጋለን፣ አይዘኑብን አሉኝ።» ብሩሹን በጨርቅ ጠረጉ። «እኔ አርባ ዓመት ስሥል ጣዖትን ቅዱስ አላደረግሁም፣ ኢንታለ ኮ። ሌላ አልጠይቅሽም። እሱን ብቻ አስተካክይልኝ። ስትጽፊው ብዙ ጊዜ አልፈጀብሽ፤ ስታርሚውም አይፈጅብሽም።»

አስተካክላለሁ ብዬ ማልሁ። ቃል ስገባላቸው ለሁለተኛ ጊዜ መሆኑ ነው።

በማግስቱ አባ ዘንድ ሄጄ በንስሐ ሁሉንም ተናዘዝሁ። አለቀስሁ። ስግደትና ጾም ሰጡኝ፤ በደስታ ተቀበልሁ። ከዚያ መዝገቡ እንዲታረም ለመንኋቸው። አባ መስቀላቸውን አገላበጡ።

«ልጄ፣ ንስሐሽ የአንቺ ነው፤ እግዚአብሔር ይቀበልሽ። መዝገቡ ግን የጉባኤው ነው። ማረም ከፈለግሽ በጉባኤው ፊት ቆመሽ በአፍሽ መናገር አለብሽ። እኔ የሰማሁትን በንስሐ ነው የሰማሁት፤ አልናገርልሽም።»

ልክ ናቸው። በሩ ክፍት ነበር። እሑድ ጉባኤው ተቀመጠ፤ መዝገቤን ይዤ ገባሁ። «ሌላ ጉዳይ ያለው?» ተባለ። የበዓሉ ዝግጅት ነበረ፣ የጣሪያው ማፍሰስ ነበረ። ለሚቀጥለው እሑድ ይሁን አልሁ በልቤ፤ የኅዳር ስምንት በዓል ይለፍና። አለፈ። ከዚያ የልደት ጾም ገባ። ከዚያ ጋሽ ለማ ቤታቸውን ዘግተው ወደ ደሎ መና ወረዱ ተባለ። እዚያ ለማርና ለቡና ነጋዴዎች የመኪና ጎን ላይ ይሥላሉ አሉ። ያየ ሰው ነገረኝ፤ አሁን የሚሥሉት አንበሳ ሁሉ በጎኑ ነው አለኝ። አንድ ዓይን። ለምን ብሎ ቢጠይቃቸው፣ «ይህ አያከራክርም» አሉት።

ጸሐፊነቱን ለቅቄያለሁ። ሰው ትሕትና ነው አለ።

የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ግን አልተቀባም። የመንግሥት ንብረት ነው፣ በጀት የለም ተባለና ቀረ። እውነተኛዎቹ ኪሩቤል ከመቅደስ ሲጠፉ የግብፅ ጣዖታት ሮቤ ውስጥ በክብር አሉ። በየዓመቱ እዚያ ምዕራፍ ስደርስ ጭልፊቱ በእነዚያ እንቅልፍ ባጡ ዓይኖች ያየኛል። ለዘጠነኛ ክፍል ልጆች፣ «ይህ ሥዕል ስህተት አለበት። ሁለት ዓይን ያሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ሠዓሊው ነግሮኝ ነበር» እላቸዋለሁ። ያቺን ዓረፍተ ነገር እነሱ ፊት ያለ ምንም ጭንቅ እላታለሁ። ባለፈው አንዲቷ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ እሱ ፈተና ላይ ይወጣል?» አለችኝ።

እናንተ የምታነቡኝ፣ ምን ተማርሽ ብትሉኝ ብዙ የለኝም። ንስሐ የገባሁት ለእኔ ነው፤ እሳቸው ከንስሐዬ አንድ ክር አላገኙም። ሰው ካላረመ ማልቀሱ ለራሱ ማጌጫ ነው። አሁንም ይህን በወረቀት እየጻፍሁ ነው እንጂ በጉባኤ ፊት አልቆምሁም፤ የጋሽ ለማን ስም እንኳ እንዳለ ለመጻፍ ፈርቼ ለውጬዋለሁ። ጠንቃቃ ነኝ ብያችሁ የለም?

ወደ ቤተ ክርስቲያናችን በሴቶች በኩል ብትገቡ ታዩኛላችሁ። ነጠላዬን ለብሼ፣ እጆቼን ዘርግቼ፣ ከግድግዳው ግርጌ ተንበርክኬአለሁ። ፊቴ ወደ እናንተ ነው፤ ሁለት ዓይን አለኝ። ከበላዬ ምንም የለም፤ ነጭ ቀለም ብቻ። አዳዲስ ሴቶች ሲመጡ አይተው፣ «ይህች ማናት? የየትኛዋ ቅድስት ሥዕል ናት?» ይላሉ።

አንዳንዶቹም ይስሙኛል።